ተልባ የጠጣች መኪና

እኔ እልኸኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ሰውየው ጤናም የለው እንዴ?» እንዳትሉ ነው። እናቴ እንደምታወራው ከሆነ ገና በዳዴ ሳለሁ የተዘጋ በር ካጋጠመኝ ዞሬ ክፍት በር አልፈልግም ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብዬ በግንባሬ እገፋው ነበር። ያደግሁት በዚህ ግንባር ነው። ሥራ የያዝኩት፣ ቤት የተከራየሁት፣ በመጨረሻም መኪና የገዛሁት በዚሁ ግንባር ነው።

መኪናዋን የሸጠልኝ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊገባ የተነሳ አንድ አዛውንት ጣሊያን ነበር። ቁልፉን ሲያስረክበኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ሞኙ ለመኪናዋ መስሎኝ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጌ አጽናናሁት። አሁን ሳስበው ያዘነው ለእኔ ነው።

ንፋስ ስልክ ሰፈራችን ውስጥ ስሟ «አልቃሻዋ» ነበር። ቆማም ታለቅሳለች፣ ሄዳም ታለቅሳለች። ጠዋት ስነሳ ከሥሯ ኩሬ ሠርታ አገኛታለሁ፤ የጎረቤት ዶሮዎች እዚያ ተሰብስበው ይጠጣሉ። ውሃ ሞልቼላት እወጣለሁ፣ ደርሼ እሞላላታለሁ፣ ልመለስ ስል እሞላላታለሁ። እንዲህ ተቻችለን እየኖርን ሳለ ነው የጫልቱ ነገር የመጣው።

ጫልቱ እኔ በምሠራበት ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ትሠራለች፤ እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ። የፉሪ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ቱሉ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው ያረሱ፣ ጤፋቸውን የሚዘሩ፣ ወተታቸውን ለከተማ የሚያወርዱ ሰው ናቸው። እኔና እሷ ከተስማማን ቆይተናል። ግን በሁለት ሰው መስማማት የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ የሚባል ነገር ለምን ይፈጠር ነበር?

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

«ሰው ሽማግሌ ላከ» አለችኝ።

«ማን?»

«የከፍተኛው ካድሬ። በአዲስ መኪና ነው የመጡት።»

ካድሬ ማለት በዚያ በደርግ ዘመን እንዲህ በቀላሉ «አይሆንም» የሚባል ሰው አልነበረም። «አባትሽስ ምን አሉ?»

«ምን ይላል? እንደ ወጉ ‹እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ› አላቸው። ቅበላ ሳይገባ ይመለሳሉ። አንተ ካልቀደምክ በቃ!» አለችና ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

ወጉ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ እሺ አይባልም። አባትየው ልጁን በዚያው ቀን አስረክቦ ቢገላገል ደስ የሚለው ቢሆን እንኳ «ሂዱና ተመለሱ» ይላል። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን ያረከሰ ይመስላላ! ሽማግሌዎቹም ቃል እስኪሰጣቸው ድረስ ከዚያ ቤት አይቀመጡም፣ እህል ውሃም አይቀምሱም። ስለዚህ እኔ የምመኘው እሺታ አልነበረም። ሽማግሌዎቼ ከካድሬው ሰዎች በፊት ደርሰው «ተመለሱ» እንዲባሉ ብቻ ነበር የምፈልገው። ኦቦ ቱሉ እኔ የምባል ሰው መኖሬን ይወቁልኝ፣ ሌላውን ለእግዜር ሰጥቻለሁ።

የቀረኝ ደግሞ መጪው እሑድ ብቻ ነው። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በዚያ ዘመን እሑድ እሑድ መኪና የሚነዳው በተራ ነበር፤ አንዱ እሑድ ለሙሉ ቁጥር ታርጋ፣ ሌላው ለጎዶሎ። መጪው እሑድ የአልቃሻዋ ተራ ነው፤ የሚቀጥለው አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ሁዳዴ ይገባል። በእግር እንዳይሄዱ ሽማግሌ ናቸው፤ በአውቶቡስ እንዳይሄዱ ፉሪ የሚደርስ አውቶቡስ የለም።

ሽማግሌዎቼን ላስተዋውቃችሁ። ዋናው ጋሽ ሰብስቤ ናቸው፤ የቤት አከራዬ፣ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የተገለሉ፣ «ደህና አደርክ» ሲሉ እንኳ ውሳኔ የሚያነቡ የሚመስሉ ሰው። ሁለተኛው አባባ ገመቹ ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ ተወላጅነታቸው ከሀና ማርያም ወዲያ የሆነ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። ሦስተኛም ነበሩ። መኪናዋን ሲያዩ ወገባቸውን አመማቸው።

እንግዲህ በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ አልቃሻዋ ማልቀሱን ትታ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ውሃ ስሞላባት ከላይ ገብቶ ከታች ይወርዳል። ገፍቼ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

«ማኒኮቶው አልቆለታል» አለኝ። ማኒኮቶ የሚሉት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ውሃ የሚያመላልሰውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው።

«ቀይርልኛ!»

«የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ።»

በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር የሚመጣው ሲመጣ ነበር። ስኳር ሲመጣ፣ ሳሙና ሲመጣ፣ ጎማ ሲመጣ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

«ሌላ መላ የለውም?» አልኩት።

«አለው። አትንዳት።»

እዚህ ላይ ነው ግንባሬ የተነሳው። እንዴት ያለ ነገር ነው! አንድ ሰው በሰላም ሚስት ላግባ ቢል ቱቦ ይከለክለዋል? «ራሴ እጠግናታለሁ!» ብዬ ገፍቼ ይዣት ተመለስኩ። ስለ መኪና የማውቀው ምንድን ነው? ኮፈኑ ወዴት እንደሚከፈት አውቃለሁ።

ከጓደኛዬ የብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ያን የውስጡን ጎማ፣ ለመንኩና እንደ ፋሻ በረጃጅሙ ቀደድኩት። የላይኛውን ቱቦ እንደተሰበረ እግር ጠቅልዬ፣ በላዩ ላይ ሽቦ አዙሬ፣ በፒንሳ ጠምዝዤ አጠበቅኩት። ውሃ ሞላሁ። ጠብ አላለም! እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ሰፈሩን ቃኘሁት፤ የሚያየኝ አልነበረም እንጂ ጭብጨባ ይገባኝ ነበር። ከዚያ ከታች ጠብ፣ ጠብ የሚል ሰማሁ። የታችኛው ቱቦ ነው። እሱንም ጠቀለልኩት። አሁን ደግሞ ከጎን ፉጨት መጣ። ለካ ሦስተኛ፣ ቀጠን ያለ ቱቦም አለ። እሱን እጠቀልላለሁ ብዬ ስጨብጠው እጄ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ።

ምን ላድርግ? ግቢውን ቃኘሁ። ጎመን መደቡ ሥር የጋሽ ሰብስቤ አረንጓዴ የውሃ ማጠጫ ቱቦ ተጋድሟል። ውፍረቱን ባየው ልክ! ደግሞ ረጅም ነው። ከዚያ ሁሉ ርዝመት ስንዝር ቢቀነስ ማን ያውቃል? በምድር ላይ ከዚያ ቱቦ የበለጠ ጋሽ ሰብስቤ የሚወዱት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ በእጃቸው አጥበው ነው የሚጠቀልሉት። ግን ጫልቱ ዓይኗን ስትጠርግ ትዝ አለችኝና ቢላዬን አወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሰብስቤ ጎመን ሲያጠጡ ቆመው ቀሩ። ውሃው መጨረሻው መደብ ላይ አልደርስ አላቸው።

«ይኼ ቱቦ አጠረሳ?» አሉ።

«ፀሐይ ጎማ ይሰበስባል ጋሼ» አልኳቸው። ምላሴ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

ቱቦዎቹ ተይዘዋል። የቀረው ራዲያተሩ ራሱ ነው፤ እሱም በየጎኑ ያልበዋል። የጭነት መኪና ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲቸግራቸው የራዲያተር ቀዳዳ በበሶ ደፈንን ሲሉ ሰምቼ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስፈልግ በሶ የለም። ያለው ተልባ ነው፤ እናቴ ለሆዴ ብላ የላከችልኝ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ። ቆሜ አሰብኩ። በሶ ከደፈነ ተልባ እንዴት አይደፍንም? እንዲያውም ተልባ ይለጠፋል፣ ይዝለገለጋል፣ የሰው አንጀት ያለሰለሰ የመኪና አንጀት ምን ይሳነዋል? እያልኩ እየተፈላሰፍኩ ዕቃውን ሙሉ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጥኩት። በጥብጬ ውሃ ጨመርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ላቡ ቆመ! አልቃሻዋ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ደረቀ። ዶሮዎቹ መጥተው ኩሬአቸውን ቢያጡ ግራ ገባቸው። ይህ ሁሉ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ቆማ ሳለች መሆኑን ማን ያስተውላል?

እሑድ ሆነ። ጋሽ ሰብስቤ እንደ በረዶ የነጣ ጋቢ ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አባባ ገመቹ ካፖርታቸውን ደርበው ከኋላ ገቡ። ልጅ ያጨ ሰው ሽማግሌውን ተከትሎ አይሄድም፣ ነውር ነው፤ ነገር ግን ከእኔ ሌላ የሚነዳ የለም። ስለዚህ ከግቢው ራቅ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አቁሜ መሪው ሥር ልደበቅ ተስማማን። ልደበቅ እየሄድኩ ለምን ሱፍ ልብስና ከረባት እንዳደረግሁ አትጠይቁኝ።

መንገድ ላይ ጋሽ ሰብስቤ ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉና ይቀጥላሉ፤ «ልጃችን ጨዋ ነው። ታማኝ ነው። እጁ ከሰው ዕቃ አይደርስም።» እኔ በዚያች ሰዓት መሪውን ጭምቅ አድርጌ ይዣለሁ። የአስፋልቱ መንገድ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ከኮፈኑ ሥር ድምፅ መጣ። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ተልባ ራዲያተር ውስጥ ሲንጫጫ አልሰማም።

ላፍቶ ወንዙ አጠገብ ስንደርስ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን አልፎ የሚሄድበት አጥቶ ይንቀጠቀጣል። አቆምኩ። ኮፈኑን ከፈትኩና የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ማዞር ጀመርኩ።

«ምን ሆነች?» ብለው ጋሽ ሰብስቤ በትከሻዬ ላይ አጎነበሱ።

«ጋሼ ፈቀቅ ይበ...»

ይበሉ የሚለውን አልጨረስኩትም። ክዳኑ ከእጄ አምልጦ ሄደ። ራዲያተሩ አንድ ጊዜ ግሳት አሰማና የያዘውን ሁሉ ወደ ሰማይ ላከው፤ ከሰማይ ደግሞ የወረደው ጋሽ ሰብስቤ ላይ ነው። ደግነቱ አየር ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ስለወረደ አላቃጠላቸውም። ግን ያ ነጭ ጋቢ! ከአንገት እስከ ጉልበት ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ፣ የሚንጠባጠብ። ጋሽ ሰብስቤ ጣታቸውን ወደ ጢማቸው ሰደው ትንሽ አነሱና ቀመሱ።

«ተልባ ነው?» አሉ፣ በፍርድ ቤት ድምፃቸው።

«አዎ ጋሼ።»

አባባ ገመቹ ከኋላ ወንበር ላይ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ። «ስኳሩ ብቻ ነው የጎደለው! እሱም የቀበሌ ስለሆነ ነው፣ አትፍረድበት!» ይላሉ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እንፋሎቱ ሲገለጥ ጋሽ ሰብስቤ ጢማቸውን እየጠረጉ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉም ቀሩ። ያ ቀጭን ቱቦ ሙቀቱ አለስልሶት እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል። አረንጓዴ ነው። በሰፈራችን አረንጓዴ ቱቦ ያላቸው ሰው አንድ ብቻ ናቸው።

«ፀሐይ ሰበሰበው አልከኝ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዘራቸውን አነሱና ወደ ንፋስ ስልክ አቅጣጫ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ጫልቱ ሄደች፣ ካድሬው ወሰዳት፣ እኔ ከዚህች ጉድ መኪና ጋር ቀረሁ አልኩ። ሮጬ ፊታቸው ተንበረከክሁ፤ ዞረውኝ አለፉ።

«ሰብስቤ!» ብለው አባባ ገመቹ ከመኪናው ወረዱ። አሁን አይስቁም። «ሽማግሌ ከመንገድ ሲመለስ የት አይተሃል? ገደ ቢስ ነው። በልጁ ተናደድክ፣ እሺ። ልጅቱ ምን አደረገችህ?»

ጋሽ ሰብስቤ ቆሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ገልብጠው ለበሱና ተመልሰው መጡ። ለእኔ እንዳልሆነ እንዳውቅ ፊታቸውን ወደ አባባ ገመቹ አዙረው «ገመቹ፣ ለሾፌሩ ንገረው፤ ይንዳ» አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔ ሾፌሩ ሆንኩ።

እኔም እልሄ መጣ። ከረባቴን ፈትቼ የለሰለሰውን ቱቦ አሰርኩበት። የበረረውን ክዳን ፈልጌ አገኘሁ፣ ከወንዙ ውሃ ቀድቼ ሞላሁ፣ ጀሪካኑንም ሞላሁ። ትንሽ እንሄዳለን፣ ትቆማለች፣ አጠጣታለሁ። ትንሽ እንሄዳለን፣ ትቆማለች፣ አጠጣታለሁ። ሀና ማርያምን ስናልፍ «ገመቹ፣ ሾፌሩን ጠይቀው፤ በእግራችን ብንሄድ አንቀድማትም ወይ?» ይላሉ ጋሽ ሰብስቤ። «አትቀድሟትም ይበሏቸው!» እላለሁ እኔ። ብትሞትም እዚያ ደርሳ ትሞታለች እንጂ መንገድ ላይ አትሞትም ብዬ ምያለሁ።

መሐላዬን ሰማችኝ መሰለኝ። የፉሪን ዳገት እያጓራች ወጣች፤ ልደበቅበት ያልነውን ባሕር ዛፍ እያየሁት አለፈችው፤ ያላቆምኳት ፍሬኑ አልያዘ ብሎ ሳይሆን ካቆምኳት መልሳ እንደማትነሳ ስላወቅሁ ነው። ዞሬ ልመለስ ብዬ መሪውን ሳዞር ትንፍሽ አለች። ጸጥ። እንፋሎት በአራቱም ማዕዘን ወጣ። ቀና ብዬ ባይ የቆምነው ኦቦ ቱሉ በር ላይ ነው።

ውሾች ጮኹ። በሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሙሽራ ነኝ ባይ እዚህ ከታየ አለቀ! ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም፤ በሬን ከፍቼ ከነሱፌ መኪናው ሥር ገባሁ።

ከዚያ ሥር የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። የጋሽ ሰብስቤ የተወለወለ ጫማ፣ የአባባ ገመቹ ሸራ፣ ከዚያ ደግሞ ከግቢው የወጣ ትልቅ የጎማ ቦት።

«አካም ጅርቱ! ምነው፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አለ የቦቱ ባለቤት። ኦቦ ቱሉ ናቸው።

«መኪናዋ ትንሽ ሞቋት ነው» አሉ አባባ ገመቹ።

«ይህ እግርስ የማነው?»

ጫማዬን ወደ ውስጥ ሰበሰብኩ። ዘግይቻለሁ።

«ሾፌሩ ነው» አሉ ጋሽ ሰብስቤ። ያን ያህል ሰዓት ሲሰድቡኝ የነበሩበት ቃል እዚህ ላይ ጠቀመኝ።

«በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን፤ ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

እዚያው በር ላይ ቆሙ። እኔ ደግሞ ከሥር ሌላ ጣጣ ይዣለሁ። የታችኛው ቱቦ ጥቅልል ተፈትቶ የቀረችው ውሃ አንገቴ ውስጥ ትወርዳለች። ውሃ ባገኝ፣ ሞልቼ አስነስቼ ከዚህ በር እሰወር ነበር። የአባባ ገመቹን ሸራ ጫማ በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁ። «ውሃ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አሉ ወደ መሬት እያሳሉ። «ቃል ሳይሰጠን ከዚህ ቤት ውሃ አንወስድም።»

«ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ነው!»

ኦቦ ቱሉ ሰሙ መሰለኝ። «ጫልቱ! ለመኪናዋ ውሃ አምጪ! እሷ ሽማግሌ አይደለችም፣ ትጠጣ!» ብለው ተጣሩ።

ልቤ ምን እንደሆነች አልነግራችሁም። ሁለት የማውቃቸው እግሮች ባልዲ ይዘው መጡ። ውሃው ከላይ ሲገባ ከታች በደረቴ ላይ ይወርዳል። እግሮቹ ቆሙ። ጫማዬን አይታዋለች፤ የፋብሪካው ጫማ ነው፣ እሷም አንድ ዓይነት አላት።

«ከሥር እየፈሰሰ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ድምፅዋ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ። «ያዘው።»

ኮቴን አውልቄ እጄ ላይ ጠቀለልኩና ቱቦውን በሁለት እጄ አነቅሁት። ቆመ። እሷ ትሞላለች፣ እኔ አንቄ ይዣለሁ። ከዚያ በኋላ ቢገድሉኝም አልለቅም አልኩ።

ጋሽ ሰብስቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን» ብለው ጀመሩ፣ «ጨዋ ነው። ሠራተኛ ነው። እጁ ከሰው ዕቃ...» ቆም አሉ። «... እጁ ከሰው ዕቃ በአብዛኛው አይደርስም። እልኸኛ ነው። የያዘውን አይለቅም። ይህንን እኔ በዓይኔ አይቼ የምመሰክረው ነው።»

ቦቱ ዞሮ ወደ ኮፈኑ መጣ። ካላማዳሪያውን፣ ሽቦውን፣ በከረባት የታሰረውን አረንጓዴ ቱቦ፣ በየጎኑ የተለጠፈውን ተልባ ሁሉ እያዩ እንደሆነ ገባኝ።

«ይህችን መኪና የጠገናት ማነው?» አሉ።

ጋሽ ሰብስቤ ሐሰት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። «ልጁ ነው» አሉ።

አለቀልኝ አልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የቦቱን መንቀጥቀጥ ነው፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። ኦቦ ቱሉ የመኪናዋን ጎን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ያኛዎቹ» አሉ ሲበርድላቸው፣ «በአዲስ መኪና መጡ። እዚች ቦይ ውስጥ ጎማዋ ገባና ተያዘች። በሬዎቼን ጠምጄ አወጣኋቸው። እመኑኝ፣ አንድም ሰው አልወረደም። በሬዎቼ መኪናውንም እነሱንም ጎተቱ።» የመኪናዋን ቆርቆሮ መታ መታ አደረጉ። «በወጉማ ቢሆን ዛሬ ‹ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ› ልላችሁ ነበር።»

«ወጉ ነው» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

«ወጉ ነው። ግን በዚህች መኪና ሂዱና ተመለሱ ማለት ግፍ ነው። እግዜርም አይወደውም። ግቡ፣ ተቀመጡ፤ ልጄ ፈቅዳለች፣ እኔም ፈቅጃለሁ።» የጫልቱ ባልዲ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ኦቦ ቱሉ በቦት ጫማቸው ጫፍ የጫማዬን ጫፍ ነካ አደረጉ። «አንተም ውጣ እንግዲህ። ሾፌር በከረባቱ ቱቦ ሲያስር የት አይቻለሁ?»

ልወጣ ፈለግሁ። እጄ ግን ቱቦው ላይ ነው።

«አልችልም አባባ» አልኩ ከሥር። «ከለቀቅሁት ይፈሳል።»

ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፣ የጫልቱን ዓይን ነው የያዙት። «ልቀቀው ልጄ» አሉኝ። «አሁን ይፍሰስ።»

ለቀቅሁት። ያ ሁሉ ውሃ በላዬ ላይ ፈሰሰ፤ እኔም አለቀስኩ መሰለኝ፣ ግን በዚያ ውሃ መሐል ማን ይለየዋል? ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከሥር እየዳህኩ ስወጣ ጋሽ ሰብስቤ ከደጃፉ ላይ ዞር አሉ፤ ከላፍቶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያዩ ራሴን አናገሩኝ።

«ስትገባ» አሉኝ፣ «ቱቦዬን ፈትተህ ይዘህ ና።»